ውሃ ከቤት

ዳቦ መቀመጥ ባለበት ሰፌድ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ነበር። ዘይቡ ሱብሂ ሰግዳ ወደ ሳሎን ስትወጣ፣ የወንድሟ ሚስት ሱዓድ ለዒድ ብቻ የሚወጣውን ጥልፍ ጨርቅ አልብሳ ሰፌዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣዋለች። ቁርስ መስሏት ጨርቁን ስትገልጠው የሴት ጡጫ የሚያህል፣ በአንድ ጎኑ ቢጫ ነገር ብልጭ ብልጭ የሚልበት ግራጫ ድንጋይ ተጎልቶ አገኘች። «ወርቅ ላበደረ ጠጠር» ሲባል አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰምታለች፤ ጠጠሩን እንዲህ በጥልፍ ሸፍኖ የሚያቀርብ ሰው ግን ገጥሟት አያውቅም። ልትስቅ ስትል የታናሽ ወንድሟ የቲጃኒ ድምፅ ከስሱ የኮምፔርሳቶ ጣውላ ግድግዳ ወዲያ መጣ። ኮምፔርሳቶ ደግሞ ምሥጢር አይችልም።

«ዛሬ አሻራዋን ታሳርፋለች» ይላታል ለሱዓድ። «ለአሻራ ንባብ አያስፈልግም። ከጠየቀችሽ መሃንዲስ ያጠናው ነው በያት፣ በቃ። ለማመጣው ባለመሬት ሁሉ ሁለት ሁለት አክሲዮን ለብቻዬ ይጻፍልኛል። ይሄን ግን አደራ፣ እንዳትነግሪያት።»

ዘይቡ ጨርቁን እንደነበረ መለሰችና ወንበር ስባ ተቀመጠች። ነገሩ ከሰሞኑ ሲብሰለሰል የከረመ ነው። ገበየሁ የሚባል ሰው ከአዲስ አበባ መጥቶ ቡልቱማ ወንዝ ዳር ወርቅ ተገኝቷል፣ የማዕድን ማኅበር አቋቁመናል፣ አክሲዮን ግዙ እያለ ጅማን ሲያዞራት ወር ሞላው። አንዱ አክሲዮን ሃምሳ ብር ነው። ጥሬ ብር የሌለው የቡና መሬቱን ለማኅበሩ አስረክቦ በግምቱ ልክ ወረቀት ይቀበላል። አጋሮ መንገድ ላይ ያለው የአባታቸው ማሳ በአርባ አክሲዮን ተገምቷል፤ የሁለቱ ስለሆነም ያለ ዘይቡ አሻራ አይሄድም። ይህን ሁሉ ታውቃለች። የማታውቀው እሷ ራሷ በወንድሟ ደብተር «ባለመሬት» ተብላ መቆጠሯን ነበር። እናታቸው ስትሞት ቲጃኒ የአራት ዓመት ልጅ ነበር፤ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው፣ የልብስ ስፌት መኪናውንም አምባሯን ሸጣ የገዛችለት እሷ ናት። ለሁለት አክሲዮን!

ቲጃኒ አዲስ የሰፋውን ኮት ለብሶ ሲወጣ ዳቦም ሻይም አብረው መጡ። ስለ ስኳር አወሩ፤ ኪሎው ስንት እንደገባ፣ ሕንዳዊው ባለሱቅ ዘንድ አለመኖሩ፣ ማን ደብቆ እንደሚሸጥ። ስኳሩ ሲያልቅ ወሬውም አለቀ። ንጉሡ ከወረዱ ሁለት ወር አልፎ፣ ሬዲዮው ጠዋትም ማታም ኢትዮጵያ ትቅደም ይላል፤ ቲጃኒም የሚያባብላት በዚያው ነው። መሬት ሊወረስ ነው፣ ሳይወረስ ወደ ወርቅ እንለውጠው፣ ይላል።

«መሬቱን ከወሰዱት፣» አለች ዘይቡ ዳቦዋን እየቆረሰች፣ «ወርቁስ የተቀበረው ሰማይ ላይ ነው እንዴ?»

ቲጃኒ ሻዩን ፉት አለ። ሱዓድ አንገቷን ደፍታ ፍርፋሪ ትለቅማለች። ዘይቡ እጇን ዘረጋችና ጥናቱን ስጠኝ አለችው። ምን ታደርጊዋለሽ ብሎ ሳቀ፤ ፊደል እንደማትቆጥር ያውቃል፣ የቁርኣኑን ሐርፍ እንጂ። ሳቁ የክፋት አልነበረም፤ የለመደ ሰው ሳቅ ነው። ቢሆንም ሰማያዊ ሽፋን ያለውን፣ በመኪና የተጻፈውን ጥራዝ ከኮቱ ኪስ አውጥቶ ሰጣትና ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ከቡና ነጋዴው ሀጂ አባቦራ ቤት ስብሰባ እንዳትቀሪ ብሏት ወጣ።

ከጓሮ ያለችውን ክፍል በወር ስድስት ብር የተከራየችው እታገኝ የእርሻ ትምህርት ቤት ተማሪ ናት፤ ከደብረ ማርቆስ የመጣች፣ ቀጭን፣ ቁጡ። ትምህርቱ ለዘመቻው ስለተቋረጠ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ የካኪ ቦርሳ ማንገቻ ትሰፋለች። ክፍሏ ከአልጋው ሌላ አንድ የሻይ ሳጥን ጠረጴዛና ሦስት ጆንያ መጽሐፍ ብቻ ነው የሚይዘው። ዘይቡ ጥራዙን ጭኗ ላይ ስትጥልላት እታገኝ ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ «እትዬ ዘይቡ፣ ሃያ አራት ገጽ እኮ ነው!» አለች። ከዚያ ወዲያው ስለ ወርቁ ብዛት የሚያወራውን፣ በሠንጠረዥ የተደረደረውን ገጽ አገኘችና ልታነብ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ወርቁን ተይው» አለቻት ዘይቡ። «መሃንዲሱ ማን ቤት እንዳደረ፣ ማን እንዳበላው፣ የመረመረውን ድንጋይ ማን በእጁ እንደሰጠው፣ እሱን ፈልጊልኝ።»

እታገኝ መርፌዋን ቦርሳው ላይ ሰክታ ቀና ብላ አየቻት። እንዲህ ያለ ጥያቄ አስተማሪዎቿም ጠይቀዋት አያውቁም። ገጽ በገጽ እየዘለለች ስትሄድ ቆይታ አሥራ ዘጠነኛው ላይ፣ ፊደሉ አነስ ካለበት ግርጌ ቆመች። «ለምርመራ ያገለገሉት ስድስት ጆንያ ናሙናዎች በማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ ተሰብስበውና ታሽገው ለአጥኚው የቀረቡ ናቸው» ይላል። መጨረሻው ገጽ ላይ ደግሞ አጥኚው ሀብተጊዮርጊስ ማኅበሩን ለመኝታ፣ ለምግብና ለመኪና ያመሰግናል። ስለ ደመወዙ አንድም ቃል የለም። ዘይቡ አሥራ ዘጠነኛውን ገጽ እንደገና አስነበበቻትና ከራሷ የፀጉር ሹካ ነቅላ ለምልክት ሰካችበት። እታገኝ ታዲያ ይሄ መሃንዲስ ሌባ ነው ማለት ነው ብላ ተነሣች። ዘይቡ ግን ራሷን ነቀነቀች። ሌባማ ቢሆን ኖሮ አይጽፈውም ነበር አለችና ጥራዙን ይዛ ወደ ሥራዋ ሄደች።

መንደራ ቆጪ ያለው የሀጂ አባቦራ መጋዘን በኅዳር እንደ ቀፎ ነው። ስልሳ ሴቶች ሲሚንቶው ላይ እግራቸውን ዘርግተው፣ ወንፊታቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ጥቁሩን ከነጩ፣ የተበሳውን ከሙሉው ይለቅማሉ። የቀን ሂሳባቸው ሃምሳ ሳንቲም ነው። ዘይቡ የእነሱ አለቃ ናት፤ የሚገባውን ጆንያ ትፈትሻለች፣ የተለቀመውን ታያለች። ለጢፋ የምትባለው ለቃሚ ገና ከበሩ ጠብቃት አንቺ አሻራሽን ካሳረፍሽ የኔም ወንድሞች ያሳርፋሉ፣ ያንቺን እጅ ነው የሚጠብቁት አለቻት። ዘይቡ አውራ ጣቷን በነጠላዋ ውስጥ ጨብጣ ገባች፤ ልክ አሁኑኑ ቀለም የሚቀባባት ያለ ይመስል።

ከአጋሮ በኩል የመጣ አንድ ነጋዴ አሥራ አምስት ጆንያ አራግፎ የፊተኛውን አፍ ፈትቶ ይጠብቃል። ከላይ የሚታየው ቡና ያማረ ነው፤ አንድ ዓይነት፣ ሰማያዊ ብርሃን ያለው። ነጋዴው እዩት እዩት ይላል። ዘይቡ አላየችለትም። መውጊያውን፣ ያንን ቦይ ያለውን ሹል ብረት ይዛ ዞረችና ከኋላ ከተደረደሩት አንዱን ከታች፣ ከስፌቱ ጎን ወጋችው። በቦዩ የወረደው ግማሹ ሻጋታ ነበር። ነጋዴው ላቡን ጠርጎ እርጥበት ነክቶት ይሆናል አለ። ይሆናል አለችው እሷም፣ አሥራ አምስቱንም ከስፌታቸው ወጋቻቸው።

ይህን ያስተማራት አባቷ አብዱልሰመድ ነው። ጅማ ውስጥ ጆንያ ወጊ ሲባል እሱ ነበር። ያኔ ወጊ የገዢም የሻጭም ሎሌ አይደለም፤ ሂሳቡን ግማሹን ከዚህ፣ ግማሹን ከዚያ ይቀበላል። ሻጭ የፈታለትን ጆንያ አይነካም፤ የሚወጋውን የሚመርጠው ራሱ ነው። ገበያው እስኪፈርስም በማንም ቤት ውሃ አይጠጣም ነበር። በቅል ውሃ፣ በጨርቅ ቆሎ ቋጥራ በየቀኑ የምታደርስለት ዘይቡ ናት። ሰዎች ሲስቁበት፣ «ውሃ እንኳ ጠጥተህ ብትወጣ ምላስህ ትከብዳለች» ይል ነበር። ቲጃኒ ግን ይህን ሲሰማ ሁልጊዜ ያፍራል፤ አባታችን ውሃ ፈርቶ ደሃ ሆኖ ሞተ ይላል። ነገሩ እውነትነት አለው፤ አብዱልሰመድ ከዚያች ማሳና ከአንድ ቅል በቀር ያወረሳቸው የለም። ዘይቡ መውጊያውን ጠርጋ ሰቀለችና ምን እንደምታደርግ ቆረጠች።

ቦሳ ኪቶ ያለው የሀጂ አባቦራ ቤት ሳሎን በወንዶች ተሞልቶ ነበር። ሴቶቹ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ምንጣፉ ላይ ተደርድረዋል። ቀረፋ የገባበት ሻይ፣ ብስኩት፣ ማር የተቀባ ሙልሙል ዳቦ በዝርግ ሳሕን ዞረ፤ ገበየሁ ያስመጣው ግብዣ ነው። ከዘይቡ ፊት የተቀመጠው ብርጭቆ ሳይነካ ቀዘቀዘ። አጠገቧ ያለችው አሮጊት ሜ፣ እስቲ ቅመሺ፣ ጾም ነሽ እንዴ ብላ ጎሸመቻት። ሥራ ላይ ነኝ አለቻት ዘይቡ። አሮጊቷ ነገሩ አልገባትም፣ ግን የራሷን ብርጭቆ አስቀመጠች።

ገበየሁ ተነሥቶ ተናገረ፤ አንደበት አያሳጣህ የሚባል ሰው ነው። ጥናቱ የተማረ ሰው ያጠናው፣ ገለልተኛ፣ ከማንም ያልወገነ መሆኑን ሦስት ጊዜ አለ። ምዝገባው ዓርብ ይዘጋል፣ ያመነታ ይቆጨዋል አለ። ጠረጴዛው ላይ ሐምራዊ ቀለም ያለበት የአሻራ ሳጥን ተከፍቶ ተቀምጧል። ቲጃኒ ከመጋረጃው አጠገብ ነው የተቀመጠው፤ ዘይቡ በጨርቁ ክፍተት የአዲሱን ኮት ትከሻ ታያለች። ከሱ ማዶ መሃንዲሱ ሀብተጊዮርጊስ አለ፤ ሽበት የጀመረው፣ የመነጽሩን እጀታ በክር ያሰረ፣ ጫማው ላይ የደረቀ ጭቃ ያለበት ሰውዬ። እንዲህ ያለ ጫማ ያለው ሰው ውሸታም አይመስላትም፤ ለዚህ ነው ፈርታ የነበረው። ውሸታምን መያዝ ቀላል ነው፤ የሚከብደው ደህና ሰው ነው።

«ሀጂ ይፍቀዱልኝ» አለች ከመጋረጃው ጀርባ። ሀጂ አባቦራ ድምፅዋን ዐወቀና ተናገሪ ልጄ አላት። «መሃንዲሱን ሦስት ነገር ልጠይቅ። ድንጋዩ የተቆፈረበትን ቦታ የመረጠው ማን ነው?»

«ማኅበሩ ነው» አለ ሀብተጊዮርጊስ።

«ጆንያውን ያሰረውስ?»

«ሥራ አስኪያጁ። እኔ ዘንድ ታሽጎ ነው የመጣው። ጆንያው ውስጥ ያለውን ግን እትዬ፣ በእውነት ነው የመረመርኩት። ወርቅ አለበት።»

«ጆንያው ውስጥ አለ፤ አምኛለሁ። ወንዙ ውስጥስ?»

ገበየሁ ጣልቃ ገባ፤ ይሄ የሙያ ጉዳይ ነው፣ ቡና ለቃሚ ምን ያውቃል፣ ጊዜ የለንም አለ። ሀጂ አባቦራ እጁን አነሣበት። ከወንዶቹ አንዱ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለ በቀስታ፣ ሌሎቹ ሳቁ። ዘይቡ አልሳቀችም። ሦስተኛውን ጠየቀች፦ ለልፋትዎ ምን ተከፈልዎት? ሀብተጊዮርጊስ መነጽሩን አወለቀ። ገንዘብ ገና አልተከፈለኝም፣ አክሲዮኑ ተሸጦ ሲያልቅ ሠላሳው ለኔ እንደሚጻፍ ነው የተነገረኝ አለ። ከዚያ ሰውየው ፊቱ ቀላ፤ የተነካ ሰው ነውና ዝም ብሎ አልተቀመጠም።

«እኔም አንድ ልጠይቅ» አለ ወደ መጋረጃው ዞሮ። «እርስዎ የማንን ቡና ነው የሚፈትሹት?»

«የሀጂን።»

«ማን ይከፍልዎታል?»

«ሀጂ።»

«ታዲያ እርስዎ ከኔ በምን ይሻላሉ?»

ጥያቄው ልክ እንደ መውጊያው ከስፌቷ ጎን ገባ። ይህን አላሰበችም ነበር። ሀጂ ሊሸጥ ያወጣውን ቡና አይታ ደህና ነው ባለችባቸው ዓመታት ሁሉ፣ ደህና ባይሆን ኖሮ ደፍራ ትናገር እንደነበር አታውቅም። ሃያ ዓመት የሀጂን ውሃ ጠጥታለች። የአባቷን ቅል ግድግዳ ላይ ሰቅላ እሷ ከሌላ ቤት እንስራ ስትቀዳ ኖራለች። ፊቷ ጋለ፤ መጋረጃው ስለጋረዳት አላህን አመሰገነች። ከዚያ ግን ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«በምንም አልሻልም። ስለዚህ በኔም ቃል ብቻ እንዳታምኑ። አባቴ ግን ከሁለቱም እኩል ይቀበል ነበር፤ የሚወጋውንም ራሱ ነበር የሚመርጠው። ሀጂ፣ ሽማግሌ ይላክ። ወንዙ ዳር ሽማግሌው የፈለገው ቦታ ይቆፈር፤ ጆንያውን ሽማግሌው ይሰር። መሃንዲሱም ይመርምርልን። ሂሳቡን ግማሹን ማኅበሩ፣ ግማሹን እኛ እንክፈለው፤ በብር እንጂ በአክሲዮን አይደለም። ወርቅ ከተገኘ መጀመሪያ የማሳርፈው እኔ ነኝ፣ ወላሂ።»

«አንድ ጥያቄ ይቀረኛል» አለች። እዚህ ከተቀመጣችሁት መሐል፣ ባለመሬት ባመጣ ቁጥር ሁለት አክሲዮን የሚጻፍለት ማን ነው? ጥያቄው ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል። በጨርቁ ክፍተት የቲጃኒን ትከሻ አየችው፤ የአዲሱ ኮት ስፌት ተወጥሯል፤ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃታል። ደረቅ ሳል ሳለ። ይህን ሳል ታውቀዋለች፤ ልጅ ሳለ ስኳር ሰርቆ ሲያዝ የሚስለው ነው። ዘይቡ ይቅር ብላ ጥያቄውን ዋጠችውና ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠች።

ሀጂ አባቦራ ጢሙን ሲዳስስ ቆየ። «የኔንም ቡና እንዲህ ነው የምትወጊው?» አላት በመጨረሻ።

«ኤዬ፣ አዎ ሀጂ። የሚገባውን። ከእንግዲህ የሚወጣውንም።»

ሀጂ አንዴ ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁን ትቶ የቀለሙን ሳጥን በሁለት ጣቱ ዘጋው። ገበየሁ ዓርብ ይዘጋል እኮ አለ። ይዘጋ አለው ሀጂ። ሀብተጊዮርጊስ ከደረት ኪሱ እስክሪብቶ አወጣ፤ ዘይቡ ከመጋረጃው ሥር ያሻገረችለትን ጥራዝ ገልጦ የፀጉር ሹካው ያለበት ገጽ ላይ ሲደርስ ትንሽ ፈገግ አለና ግርጌው ላይ ጽፎ ጮክ ብሎ አነበበው፦ «ናሙናዎቹን እኔ አልወሰድኩም። ቦታውንም አልመረጥኩም። ይህ ጥናት ስለ ስድስት ጆንያ እንጂ ስለ ቡልቱማ ወንዝ አይናገርም።» ፈረመበት። ገበየሁ ሠላሳው አክሲዮን እንደቀረበት በዓይኑ ነገረው፤ መሃንዲሱ መነጽሩን ገና አላደረገም ነበርና አላየውም፣ ወይም እንዳላየ ሆነ። ሽማግሌ ሲመረጥ ሁለቱ ቶሎ ተገኙ። ሦስተኛውን ሀጂ ከናንተ ቤት ይሁን ብሎ ዘይቡን ጠየቃት። ሴቶቹ ለጢፋን ጨምሮ ሁሉም እሷን ያያሉ።

«ቲጃኒ ይሂድ» አለች።

ወደ ቤት ሲመለሱ ሰዓት እላፊው ሳይደርስ መንገዱ ገና በሰው ተሞልቶ ነበር። ዘይቡና ቲጃኒ ጥቂት እርምጃ ተራርቀው ተራመዱ፤ እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ፣ ከቦሳ ኪቶ እስከ በራቸው። ሱዓድ ጥልፉን ጨርቅ አጥፋ ሳጥን ውስጥ መልሳዋለች፤ ድንጋዩ ከደጅ በሩን ደግፎ ቆሟል፤ ሰፌዱ ላይ ዳቦ አለ። ቲጃኒ ኮቱን አውልቆ ምስማር ላይ ሰቀለው፣ ተቀመጠ፣ ዳቦውን ግን አልነካውም። ዘይቡ ቆርሳ ስትበላ ያያታል። ራበኝ አለች ለራሷ፣ ከቁርሱ ወዲህ እህል አልቀመሰችም። ዳቦው ግማሽ ሲሆን ነው የተናገረው።

«አራተኛውን ለምን ተውሽው?»

«የቱን አራተኛ?»

«ታውቂዋለሽ።»

«የሰው ቤት ነበርን» አለች ዘይቡ።

ሱዓድ ጓዳ ገብታ ዕቃ ማንኳኳት ጀመረች፤ ዕቃው ሁሉ ከታጠበ ቆይቷል። ገበየሁን ነግሬዋለሁ አለ ቲጃኒ፣ ስሜን ከደብተሩ እንዲያወጣ። መቼ እንደነገረው ዘይቡ አልጠየቀችም፤ ነገም ቢነግረው ለሷ በቂ ነው። ሰኞ ጎሕ ሲቀድ እንነሣለን አለ ደግሞ፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች ከዚህ ከሰፈር ይወስዱኛል፣ ከወንዙ ዳር ሦስት ቀን እናድራለን፣ የገበየሁ ሰዎች በግ አርደው እንጠብቃችኋለን ብለዋል። ይህን ብሎ ቆመ። ወደ ግድግዳው ዞሮ ሲያፍርበት የኖረውን፣ በጢስ የጠቆረውን ቅል ቀና ብሎ አየው።

«ዘይቡ፣» አላት ሳያያት፣ «ስንቅ ትቋጥሪልኛለሽ። ውሃዬንም ከቤት እይዛለሁ።»

ቶሌ፣ እሺ አለችውና ተነሥታ ቅሉን አወረደችው። ዓመታት ሙሉ ደርቆ ስለቆየ ያፈስ እንደሆነ አፉ ድረስ ውሃ ሞልታ፣ ከድንጋዩ አጠገብ ደጁ ላይ አስቀመጠችው።